የማስተካከያው ብሎን፦ የሪሌይ ኮንታክት አቀማመጥ አጭር ታሪክ

የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ታሪክ በሚጻፍበት ጊዜ ሰፊውን ገጽ የሚይዙት ታላላቆቹ መሣሪያዎች ናቸው፤ ጄኔሬተሩ፣ ትራንስፎርመሩ፣ የኃይል ማስተላለፊያው መስመር። በሣጥን ውስጥ ተከድኖ ቀጭን ድምፅ እያሰማ ሲከፍትና ሲዘጋ የሚውለው ሪሌይ ግን ብዙ ጊዜ የሚያነሣው የለም። ይሁን እንጂ ቴሌግራፉ ከከተማ ወደ ከተማ፣ የስልክ ጥሪው ከቤት ወደ ቤት፣ ባቡሩም ከጣቢያ ወደ ጣቢያ በሰላም የደረሰው ከመቶ ዓመት በላይ በዚህ ትንሽ መሣሪያ አማካይነት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከሪሌዩም ውስጥ አነስተኛውን ክፍል ነው። ይኸውም ኮንታክት የሚባሉት የሚነካኩት ጫፎች የሚቀመጡበትና የሚስተካከሉበት ዘዴ ነው። ጉዳዩ ከብሎንና ከሞላ የማያልፍ ቢመስልም፣ በውስጡ ማንኛውም ንድፍ አውጪ ሊሸሸው የማይችል አንድ ጥያቄ አለ። ሁለቱ ጫፎች በትክክል የሚገናኙበትን ቦታ በመጨረሻ የሚወስነው ማን ነው? ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ ነው? በፋብሪካው ያለው ባለሙያ ነው? ወይስ መሣሪያውን ዕለት ዕለት የሚሠራበት ሰው? የሪሌይ ታሪክ ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የተሰጠ መልስ ታሪክ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የችግሩ ምንነት

ሪሌይ በመሠረቱ ቀላል ነገር ነው። በብረት ዘንግ ላይ የተጠቀለለ ሽቦ ጅረት ሲያልፍበት ማግኔት ይሆናል፤ ተንቀሳቃሹን ብረት ይስባል፤ ያም ብረት አንዱን ኮንታክት ገፍቶ ከሌላው ጋር ያገናኘዋል። ጅረቱ ሲቋረጥ ሞላው ተንቀሳቃሹን ብረት ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በዚህ ዓይነት ደካማ ጅረት ብርቱ ጅረትን ያዛል።

ነገሩ የሚወሳሰበው ልኩ ላይ ሲደረስ ነው። ኮንታክቶቹ ተለያይተው ሳሉ በመካከላቸው የሚኖረው ክፍተት አለ፤ ከተነካኩ በኋላ አንዱ በሌላው ላይ የሚያሳድረው ግፊት አለ፤ ከተነካኩም በኋላ ሞላው ጥቂት ተገፍቶ የሚሄደው ተጨማሪ መንገድ አለ፤ ተንቀሳቃሹ ብረት በማግኔቱ ላይ ተጣብቆ እንዳይቀር የሚተውለት ትንሽ ርቀትም አለ። እነዚህ አራቱ እርስ በርሳቸው የተሳሰሩ ናቸው። ክፍተቱ ቢሰፋ ብልጭታው ቶሎ ይጠፋል፤ ነገር ግን ማግኔቱ ከሩቅ መሳብ ስላለበት ይደክማል። ግፊቱ ቢጨምር ግንኙነቱ ይጠነክራል፤ ነገር ግን ሪሌዩ ለመሥራት የሚፈልገው ጅረት አብሮ ይጨምራል።

ግፊቱ ይህን ያህል የሚያሳስበው ያለ ምክንያት አይደለም። ስዊድናዊው የፊዚክስ ሊቅ ራግናር ሆልም በ1941 ዓ.ም. ስለ ኤሌክትሪክ ኮንታክቶች ባሳተመው መጽሐፍ በሰፊው እንዳብራራው፣ ሁለት ብረቶች ሲነካኩ በእርግጥ የሚገናኙት ለዐይን በሚታየው ገጽ ሁሉ ሳይሆን በጥቂት ጥቃቅን ጉብታዎች ላይ ብቻ ነው። ጅረቱ በእነዚያ ጠባብ መንገዶች ተጨናንቆ ያልፋል። ግፊቱ ሲበረታ ጉብታዎቹ ይደፈጠጣሉ፤ መንገዱም ይሰፋል። በገጹ ላይ ያለው የዝገትና የአቧራ ሽፋን የሚሰበረውም በግፊትና አንዱ በሌላው ላይ ትንሽ በመንሸራተቱ ነው።

እንግዲህ ክፍተቱ ከአንድ ሚሊሜትር በታች በሆነበት መሣሪያ ላይ፣ አሥር ያህል ክፍሎች ተደራርበው ሲገጠሙና እያንዳንዱ በጥቂት መቶኛ ሚሊሜትር ሲሳሳት፣ ስሕተቱ ተደምሮ የክፍተቱን ግማሽ ሊያህል ይችላል። ይህን ለማሸነፍ ሦስት መንገዶች አሉ። አንደኛው እያንዳንዱን ክፍል እጅግ ትክክል አድርጎ መሥራት ነው፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። ሁለተኛው ከተገጠመ በኋላ ሊነቃነቅና ሊስተካከል የሚችል ክፍል መተው ነው። ሦስተኛው ስሕተቱ ቢኖርም ጉዳት እንዳያመጣ አድርጎ መንደፍ ነው። ታሪኩ በአብዛኛው ከሁለተኛው መንገድ ወደ ሦስተኛው የተደረገ ጉዞ ነው።

የቴሌግራፉ ዘመን፦ ብሎኑ በሠራተኛው እጅ

አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪ በ1831 ዓ.ም. ከአንድ ማይል በሚበልጥ ሽቦ ጅረት ልኮ በሌላው ጫፍ ደወል አስደወለ። በ1835 ዓ.ም. ደግሞ በፕሪንስተን ሲያስተምር ደካማው ጅረት ሌላውን ብርቱ ጅረት እንዲያዝ አድርጎ አሳየ። ሳሙኤል ሞርስና ረዳቱ አልፍሬድ ቬይል ግንቦት 24 ቀን 1844 ዓ.ም. በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል የቴሌግራፉን መስመር በይፋ ሲከፍቱ የሪሌይ ጥቅም በተግባር ተረጋገጠ። ከረጅሙ መስመር ደክሞ የደረሰው ጅረት ሪሌዩን ብቻ ያንቀሳቅሳል፤ ምልክቱን የሚቀርጸው ወይም የሚያሰማው መሣሪያ ደግሞ በጣቢያው ባትሪ ይሠራል።

ከዚያ በኋላ እየተሻሻለ የመጣው የቴሌግራፍ ሪሌይ አሠራር ለማየት ደስ የሚያሰኝ ነው። ማግኔቱ በአግድም ይተኛል፤ ተንቀሳቃሹ ብረት በፊቱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ከላይ በሁለት የናስ ምሰሶዎች ላይ ሁለት ብሎኖች ፊት ለፊት ይተያያሉ። የአንዱ ጫፍ ፕላቲኒየም ተደርጎበት ጅረቱን ያገናኛል፤ ሁለተኛው ጅረት በማያስተላልፍ ነገር ተሸፍኖ የመመለሻውን ወሰን ይጠብቃል። የሞላውን ውጥረት የሚያጠብቅና የሚያላላ ሌላ ማስተካከያ አለ። በመጨረሻም ማግኔቱን በሙሉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚያንቀሳቅስ ብሎን አለ።

ይህ ሁሉ ማስተካከያ ለምን አስፈለገ? መልሱ ዝናብ ነው። አሜሪካውያን በተጠቀሙበት ሥርዓት በመስመሩ ላይ ጅረት ዘወትር ይፈስሳል፤ መልእክቱ የሚተላለፈውም ጅረቱን በማቋረጥና በመቀጠል ነው። አየሩ ደረቅ ሲሆን የሩቁ ሠራተኛ መስመሩን ሲያቋርጥ ጅረቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል፤ የሪሌዩም ተንቀሳቃሽ ብረት ይመለሳል። ዝናብ ሲጥል ግን ጅረቱ በረጠቡት ምሰሶዎች በኩል ወደ መሬት ይሰርጋል። የሩቁ ሰው ቢያቋርጥም ከቅርቡ ባትሪ የሚወጣው ጅረት መፍሰሱን አያቆምም። ለምሳሌ በደረቅ ቀን በ40 ሚሊአምፔርና በዜሮ መካከል የነበረው ልዩነት በዝናብ ቀን በ50 እና በ30 መካከል ወደሆነ ልዩነት ሊጠብ ይችላል። ያን ጊዜ ሠራተኛው ሞላውን ያጠብቃል፤ ወይም ማግኔቱን ወደ ኋላ ያርቃል፤ ሪሌዩም በ50 ተስቦ በ30 የሚለቅበትን ቦታ በጆሮው እያዳመጠ ይፈልጋል።

የክረምትን ዝናብና ረጅም ሽቦን ለሚያውቅ ያገራችን አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋው የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። እንዲህ ባለ መስመር ላይ የአየሩ ጠባይ የመሣሪያው አካል ነው ለማለት ይቻላል።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ የተማረ ሠራተኛ ለአየሩ ብሎ የሚነካው ሞላውንና ማግኔቱን እንጂ የኮንታክቱን ብሎኖች አለመሆኑ ነው። የኮንታክቶቹ ክፍተት አንድ ጊዜ በሚገባ ከተለካ በኋላ በቦታው ይጸናል። የሚለዋወጠው አንድ፣ የሚጸናው ሌላ መሆኑን መለየት ከዚያ ዘመን ንድፍ የምናገኘው የመጀመሪያው ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ያለው በራሱ በብሎኑ ውስጥ ነው። ከአንዱ ጥርስ እስከ ሚቀጥለው ያለው ርቀት 0.5 ሚሊሜትር ቢሆንና የብሎኑ ራስ 15 ሚሊሜትር ስፋት ቢኖረው፣ የራሱ ዙሪያ 47 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። ስለዚህ ጣት በዙሪያው ላይ 1 ሚሊሜትር ሲገፋ የኮንታክቱ ጫፍ የሚሄደው አንድ መቶኛ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ያለ ምንም ውድ መሣሪያ የሰው እጅ ዘጠና እጥፍ ያህል ረቂቅ ሆነ ማለት ነው። ነገር ግን ይህ ሁሉ ረቂቅነት ብሎኑ በሚጠብቅበት ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። ማጥበቂያ ዳዶ ሲታሰር በጥርሶቹ መካከል ያለውን ልል ቦታ ስለሚወስድ ብሎኑን ይጎትተዋል፤ ልኩ ከተያዘ በኋላ ይዛባል። በዚህም ምክንያት ምሰሶውን ሰንጥቆ ብሎኑን ከጎን በሚያጣብቅ ሌላ ብሎን መያዝ የተሻለ ሆኖ ተገኝቷል፤ ብሎኑ ሲዞርም ሲቆምም እኩል ተጨብጦ ይኖራልና። ምሰሶው የሚቆምበት ነገርም እንዲሁ ያስባል። ለረጅም ዘመን ለመለያነት ያገለገለው ኤቦናይት በሙቀት የሚለሰልስ ስለሆነ፣ በላዩ የቆመ ብሎን ማንም ሳይነካው ቦታውን ሊለቅ ይችላል።

አንድ ብሎን ለአንድ ሥራ

ጅረቱን በማቋረጥ ፈንታ አቅጣጫውን በመለዋወጥ የሚሠራው የቴሌግራፍ ሪሌይ ሲመጣ ጥያቄው ረቀቀ። በዚህ ዓይነቱ ሪሌይ ተንቀሳቃሹ ምላስ በሁለት ኮንታክቶች መካከል ይመላለሳል። ምላሱ በትክክል ከመካከል ካልቆመ አንዱ ምልክት ይረዝማል፤ ሌላው ያጥራል፤ በፈጣን መስመር ላይም ፊደላቱ ይበላሻሉ።

ሁለቱን ኮንታክቶች በየብሎናቸው ብቻ ለማስተካከል የሞከረ ሰው ችግሩን ወዲያውኑ ያገኘዋል። መካከሉን ለማግኘት አንዱን ብሎን ሲያዞር ክፍተቱም አብሮ ይለወጣል፤ ክፍተቱን ለመመለስ ሌላውን ሲያዞር መካከሉ ይጠፋል። መፍትሔ የሆነው ሁለቱን ብሎኖች በአንድ ተንሸራታች መቀመጫ ላይ አብሮ መትከል ነበር። ክፍተቱ በብሎኖቹ አንድ ጊዜ ይለካል። ከዚያ በኋላ መቀመጫውን በሙሉ የሚገፋ ሦስተኛ ብሎን ክፍተቱን ሳይነካ መካከሉን ብቻ ይፈልጋል። አንድ ብሎን ለአንድ ሥራ የሚለው ይህ ደንብ ከሪሌይ ውጭም ለማንኛውም ማስተካከያ ንድፍ የሚጠቅም ነው።

ባቡሩ፦ የታሸገው ብሎን

ቴሌግራፈኛው ብሎኑን ቢያሳስት የሚበላሸው መልእክት ነው። በባቡር ሐዲድ ላይ ግን የሚጠፋው የሰው ሕይወት ነው። አሜሪካዊው ዊልያም ሮቢንሰን በ1872 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት ባገኘበት የሐዲድ ሰርኪዩት ውስጥ፣ ከሐዲዱ አንድ ጫፍ የሚነሣ ደካማ ጅረት በሁለቱ ሐዲዶች በኩል አልፎ በሌላው ጫፍ ያለውን ሪሌይ ስቦ ይይዛል። ባቡር ወደዚያ ክፍል ሲገባ መንኮራኩሮቹ ሁለቱን ሐዲዶች ስለሚያገናኙ ጅረቱ ወደ ሪሌዩ አይደርስም፤ ሪሌዩ ይለቅቃል፤ ምልክቱም ቁም ያሳያል። ሽቦ ቢበጠስ፣ ባትሪ ቢደክም፣ ሐዲድ ቢሰበር ውጤቱ ያው ቁም ነው።

የዚህ ሐሳብ ብርታት በአንድ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ ሪሌዩ ጅረቱ ሲጠፋ በእርግጥ መልቀቅ አለበት። ሞላው ቢላላ፣ ኮንታክቶቹ በብልጭታ ተበይደው ቢጣበቁ፣ ወይም አንድ ሰው በቅንነት «ይሻላል» ብሎ ብሎኑን ቢያዞር፣ ባቡር ያለበት መንገድ ነጻ መስሎ ይታያል። ስለዚህ የባቡር ምልክት መሐንዲሶች ሌላ መልስ ሰጡ። የሪሌዩን መመለስ ለሞላ ሳይሆን ለክብደት አደራ ሰጡት፤ የመሬት ስበት አይደክምምና። ከኮንታክቶቹ አንዱን ከካርቦን አደረጉት፤ ካርቦን ከብር ጋር አይበየድምና። ማስተካከያውን ደግሞ አላጠፉትም፤ ነገር ግን በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ከድነው አሸጉት። የሚከፈተው በሜዳ ላይ ሳይሆን በመለኪያና በመዝገብ በተደራጀ ወርክሾፕ ነው። ከመስተዋቱ ውጭ ያለው ሠራተኛ ማየት ይችላል፤ መንካት አይችልም።

የስልኩ ማዞሪያ፦ ከብሎን ወደ ፒንሳ

አልሞን ስትሮውጀር በ1891 ዓ.ም. የባለቤትነት መብት ያገኘበት አውቶማቲክ ማዞሪያ በ1892 ዓ.ም. በላፖርት ከተማ፣ በኢንዲያና፣ ሥራ ጀመረ። አውቶማቲክ ስልክ እየተስፋፋ ሲሄድ በአንድ ሕንጻ ውስጥ የሚገኙት ሪሌዮች በሺህ፣ ኮንታክቶቹም በብዙ ሺህ ይቈጠሩ ጀመር። ለእያንዳንዱ ኮንታክት ምሰሶና ብሎን መትከል በቦታም በዋጋም የማይቻል ሆነ።

ስለሆነም ብሎኑ ቀረ፤ ኮንታክቱ በስስ ዝርግ ሞላ ጫፍ ላይ ተተከለ፤ ሞላዎቹም እየተደራረቡ ከሪሌዩ ጋር ታሰሩ። በ1930ዎቹ በእንግሊዝ ፖስታ ቤት ማዞሪያዎች የተስፋፋው «3000» የተባለው የሪሌይ ዓይነት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ማስተካከያው አልጠፋም፤ መልኩን ለወጠ። ባለሙያው ለዚሁ በተሠራ ጠባብ አፍ ባለው መሣሪያ ሞላውን ከሥሩ ይዞ ያጎብጠዋል፤ ግፊቱን በግራም በሚያሳይ መለኪያ ይመዝነዋል፤ ክፍተቱን ውፍረታቸው በተለካ ስስ ላሜራዎች ይፈትነዋል።

ሞላን በማጉበጥ ማስተካከል ግን ከብሎን ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ሞላው ሲለቀቅ በከፊል ወደ ኋላ ስለሚመለስ ከሚፈለገው በላይ መጉበጥ አለበት፤ የዚህ ልክ የሚታወቀው በልምድ ብቻ ነው። አንዱ ሲነካ ጎረቤቱም ይዛባል። ደጋግሞ የተጎበጠ ሞላ ደግሞ ጠባዩ ይለወጣል። በዚህ ዘመን የመጣው ትልቅ መሻሻል የሞላውን ጫፍ ሰንጥቆ በአንዱ ፈንታ ሁለት ኮንታክት መትከል ነው። አንዱ ኮንታክት በአቧራ ምክንያት ከ1,000 ጊዜ አንድ ጊዜ ይስታል ብንልና የሁለቱ መሳት የማይገናኝ ቢሆን፣ ሁለቱም አብረው የሚስቱት ከ1,000,000 ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል። ይህ ግን የሚሆነው ሁለቱ ጫፎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው መተጣጠፍ ሲችሉ ነው።

ማስተካከያ የማያስፈልገው ሪሌይ

በ1952 ዓ.ም. የቤል ላቦራቶሪዎች መሐንዲስ ኤ. ሲ. ኬለር በድርጅቱ የቴክኒክ መጽሔት ላይ ያስተዋወቀው የሽቦ ሞላ ሪሌይ የተለየ መንገድ ተከተለ። በዝርጉ ሞላ ፈንታ ረጃጅም ቀጫጭን ሽቦዎች በፕላስቲክ ውስጥ ተቀርጸው ይወጣሉ፤ አስቀድመውም በፋብሪካ እንዲጎብጡ ይደረጋሉ።

የሐሳቡን ጥልቀት በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። የሚፈለገው ግፊት 20 ግራም ነው እንበል። ጠንካራ ሞላ ለእያንዳንዱ ሚሊሜትር 100 ግራም የሚገፋ ከሆነ፣ 20 ግራም ለማግኘት 0.2 ሚሊሜትር መገፋት ይበቃዋል። በአሠራር 0.1 ሚሊሜትር ስሕተት ቢገባ ግፊቱ በ10 ግራም ይለወጣል፤ ግማሹ ጠፋ ማለት ነው። ለስላሳ ሞላ ግን ለአንድ ሚሊሜትር 5 ግራም ብቻ የሚገፋ ቢሆን 4 ሚሊሜትር አስቀድሞ መጎበጥ ያስፈልገዋል። ያው የ0.1 ሚሊሜትር ስሕተት የሚለውጠው ግማሽ ግራም ብቻ፣ ማለትም ከመቶ 2.5 ይሆናል። ስሕተቱ አልቀነሰም፤ የማድረስ ኃይሉ ግን ተወሰደበት። ፒንሳ ይዞ የሚቆመው ባለሙያ የሚሠራው ሥራ በአብዛኛው በወረቀት ላይ አስቀድሞ ተሠራ።

በመስከረም 9 ቀን 1947 ዓ.ም. በሃርቫርድ ማርክ ሁለት የሒሳብ መኪና ሪሌይ ውስጥ ገብታ የተገኘችው የእሳት እራት ክፍት የሆነ ኮንታክት ምን ሊያጋጥመው እንደሚችል ታስታውሳለች። ለዚህ ደግሞ የመጨረሻ የሚመስለው መልስ ቀድሞ ተገኝቶ ነበር። በ1936 ዓ.ም. በቤል ላቦራቶሪዎች ዋልተር ኤልውድ ሁለት የብረት ምላሶችን በመስተዋት ቱቦ ውስጥ አትሞ፣ ምላሶቹ ራሳቸው ተንቀሳቃሽ ብረትም፣ ሞላም፣ ኮንታክትም እንዲሆኑ አደረገ። ከዚህ ሐሳብ የተገኙ ኮንታክቶች በ1965 ዓ.ም. በኒው ጀርሲ ሥራ በጀመረው የመጀመሪያው ትልቅ የኤሌክትሮኒክ የስልክ ማዞሪያ ውስጥ አገልግለዋል። ቱቦው ከታተመ በኋላ ክፍተቱን የሚያስተካክል ብሎን የለም፤ ሊኖርም አይችልም።

ምን ተገኘ? ምን ቀረ?

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ፍጽምና የተደረገ ጉዞ ብቻ ሊመስል ይችላል። በጸሐፊው አስተያየት ግን እንዲህ አይደለም። ማስተካከያው በጠፋ ቍጥር መሣሪያው ይበልጥ ተማምነው የሚጠቀሙበት ሆኗል፤ ይህ ሊካድ አይችልም። በዚያው መጠን ግን ሲያረጅ የሚደረግለት ነገር ጠፍቷል። የቴሌግራፉ ሪሌይ ጫፉ ቢበላ ብሎኑ ጥቂት ይዞራል፤ ሥራውም ይቀጥላል። «3000» ሪሌይ በሠለጠነ እጅ ይታደሳል። የታተመው ቱቦ ግን ሲበላሽ ይጣላል፤ ሌላም ይገዛል።

ይህ ልዩነት መሣሪያውን ለሚሠራ አገርና ከውጭ ለሚያስመጣ አገር እኩል ትርጕም የለውም። መለዋወጫው በማግሥቱ በሚደርስበት ቦታ የሚጣለው ሪሌይ ይረክሳል። መለዋወጫው ወራት በሚጠብቅበትና ለውጭ ምንዛሪ ወረፋ በሚያዝበት ቦታ ግን፣ በካቻቢቴና በመለኪያ ሊድን የሚችለው መሣሪያ የፋብሪካን መቆምና የመንደርን መጨለም ሊያስቀር ይችላል። የዛሬ መሐንዲስ ዕቃ ሲመርጥም ሆነ ሲነድፍ ይህን አብሮ መመዘን አለበት። ማስተካከያ መኖሩ ብቻውን ግን መድኅን አይሆንም። ማን እንደሚነካው የማይታወቅ፣ ልኩ በጽሑፍ ያልተሰጠ ብሎን ከማይስተካከል መሣሪያ ይብሳል፤ የባቡሩ መስተዋት ሣጥን የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ለንድፍ የሚጠቅሙ ጥቂት ደንቦችን ማውጣት ይቻላል። በመጀመሪያ ሞላን በማለስለስና መንገዱን በማርዘም ስሕተቱ ራሱ ጉልበት እንዲያጣ ማድረግ፤ ማስተካከያን ከዚያ በኋላ ለቀረው ብቻ መተው። ለእያንዳንዱ ብሎን አንድ ሥራ ብቻ መስጠት። ሲታሰር ልኩን የማያዛባ አያያዝ መምረጥ። ልኩን በግራምና በሚሊሜትር ጽፎ ከመሣሪያው ጋር መላክ። ከሁሉም በላይ ብሎኑን ዕውቀቱ ባለበት እጅ አጠገብ ማስቀመጥ፤ ዕውቀቱ በሌለበት ቦታ ግን መክደን።

የመጨረሻው ደንብ ለንድፍ አውጪው ብቻ የተሰጠ ሥራ አይደለም። ብሎኑን የሚከድነው የእጁ አለመሠልጠን ከሆነ፣ እጁን ማሠልጠን ብሎኑን ከመክደን ጋር እኩል የምሕንድስና ሥራ ነው። ሞላውን በጆሮው ያስተካክል የነበረው ቴሌግራፈኛና በግራም መለኪያ ይሠራ የነበረው የማዞሪያ ባለሙያ የየዘመናቸው መሣሪያ ግማሽ አካል ነበሩ። ያለ እነርሱ ያ ሁሉ ናስና ፕላቲኒየም መልእክት አያደርስም ነበር።